አዙራ የምታድነኝ ሴትዮ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። የምጽፍልሽ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ስላለ ነው።

መታጠቢያ ቤት አዙሮኝ ከወደቅሁ ወዲህ ወንድምሽ ቤት እንዳለሁ ታውቂያለሽ። ቤቴን ቆልፎ ቁልፉን ያዘና እኔን ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ያመላልሰኝ ጀመር። የሴትዮዋ ሥራ ምን መሰለሽ? ማዞር። አልጋ ላይ ታስቀምጠኝና ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዙራ ድንገት ወደ ኋላ ታጋድመኛለች። ጣሪያው ሲሽከረከር እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ጆሮዬ ውስጥ ከቦታዋ የወጣች ቅንጣት አለች፤ ብሌኔ ወዲያ ወዲህ ሲል በዚያ ታውቃለች አሉ። እሾህን በእሾህ ነው ብዬ ቻልኩት። በኋላ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ እያዞርኩ ታስኬደኛለች። ወንድምሽ ክንዴን ሲይዝ "ልቀቃቸው" ትለዋለች። እሱ አይለቅም።

ማዞሩ ለቀቀኝ። ቤቴ ልግባ ባልኩ ቁጥር ግን ወንድምሽ፣ ሴትዮዋ ገና ነው ብላለች ይለኛል። አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዬን ሳደርግ ሰማኋቸው።

"እናትህ ድነዋል፤ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ" አለችው።

"ለጊዜው አትንገሪያት" አላት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ቤቴን ሸጦታል፣ ካልሆነም አከራይቶታል አልኩ። የወለድኩት ልጅ እንዲህ ያደርገኛል ብዬ እህህ ስል ሰነበትኩና ቁልፉን ጠየቅሁት። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ብቻዬን ሄድኩ። ቤቴ እንደ ነበረ ነው። አልጋዬ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አዲስ የእጅ መደገፊያ ብረት ተገጥሟል። በገዛ ልጄ ላይ ባሰብኩት አፈርኩ።

ስመለስ ቀድሞኝ ገብቶ በር ላይ ቆሟል። የት ነበርሽ አላለኝም። ሻንጣ ይዤ እንደሆነ እጄን አየና ራት አቀረበ። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ጀምሮ ብቻውን ቆሞ ነበር የሚበላው፤ አሁን ወንበር ስቦልኝ እስክቀመጥ ይጠብቃል።

ትናንት ቀጠሮ ነበረን። ሴትዮዋ አጋድማኝ ዓይኔን አየችና አሁንስ ያዞርዎታል ወይ አለችኝ። ወንድምሽ ጥጉ ጋ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

"ትንሽ ያዞረኛል" አልኳት።

ብሌኔ ንቅንቅ እንዳላለ እሷ ታውቃለች። ቢሆንም፣ እንግዲያው በሚቀጥለውም ሳምንት ይምጡ አለችኝ።

አንቺንም ልጆችሽንም ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ ያሰባችሁት ይሙላላችሁ። ወንድምሽ ጋ ደውይ፤ እንዲያው ያለ ምክንያት።

የምትናፍቅሽ እናትሽ