የጓሮው በርና የቀረሶው ጉበት

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሪሃና አብዱልባሲጥ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ የማያርፈው ጨጓራሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ኢምራንስ ደኅና ነው? ትንሿ ያስሚንስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ትስቃለች? የሐዋሳው ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እኔም ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በስተቀር ሸጋ ነኝ። ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ትገቢ የነበርሽው ልጅ ዛሬ እንጀራሽ ከዓሣ ሆድ መውጣቱን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ሸምሲያ ስልኬን ከእኔ ቀድማ ስለምታነሳ ነው። ደብዳቤውን የማራኪ ግቢዋ ጓደኛሽ እንኳየሁ ከበረዶው ሳጥን ጋር ይዛልሽ ትመጣለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በመስከረም ለምርመራሽ የላክንልሽ ቀረሶ ዓሦች እንዴት እንደተያዙ ምንም ሳታስቀር ንገረኝ ብለሽኝ ነበር። ዓሣ አጥማጁን የሻውን ሄጄ ጠየቅሁት። ከጓሯችን ወንዝ የወሰድናቸውን የዚያኑ ጠዋት ነው ያወጣቸው። አብዛኞቹ እንቁላል የያዙ ሴቶች ነበሩ፤ እኔም ለወንድሜ ልጅ ከሲታ ዓሣ አልልክም ብዬ የሰቡትን መርጫለሁ። ለማነጻጸሪያ የላክንልሽ የላይኛው ግድብ ዓሦች ነገር ግን ሌላ ነው። የሻው እነሱን ቅዳሜ አጥምዶ፣ በመረብ ከረጢት ከነነፍሳቸው ውሃ ውስጥ አስሮ ያቆያቸዋል። ረቡዕ ሲሆን ለጿሚ ትኩስ ዓሣ ብሎ ይሸጣቸዋል። እኛም የገዛነው ረቡዕ ነበር። እስከዚያ ምን ታበላቸዋለህ ብዬ ስጠይቀው፣ አያ ሷሊሕ፣ የረቡዕ ዓሣ እንደ ገዢው ይጾማል አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩን መላልሼ አሰብኩት።

አንቺ ያስረዳሽኝ ትዝ አለኛ። ዓሣ እንቁላል ሲይዝ፣ ሲራብ፣ ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ፣ መርዝ ጠብ ሳይልበትም እንደ ተመረዘ ሁሉ የጉበቱ ምልክት ይለዋወጣል ብለሽኛል። እንደ ክፉ አማት በሁሉ ነገር የሚከፋው ጉበት ነው ማለት ነው። እንግዲህ በእንቁላል የተሞላች የቆላ እመቤትን ከተራበ የደጋ እስረኛ ጋር ነው እንድታስተያዪ ያደረግንሽ። ልዩነቱ ከመርዙ ይሁን ከእንቁላሉ ወይም ከረሃቡ ማን ያውቃል?

ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። ለእኛ ግን አይደለም። አባትሽ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ከዚያው ወንዝ አጥምዶ ይበላ ነበር። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ በሞተብን ጊዜ ምክንያቱን የነገረን ሐኪም የለም። ከቀብሩ በኋላ እናትሽ ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ የጓሮው በር ላይ የእሱን ሳል እሰማለሁ አለችኝ። በሕይወቱ ሳለ ለሱብሒ ስንጎትተው ኖረን፣ አሁን ማን ቀሰቀሰው ብዬ ቀለድኩባት። ከዚያ ለውዱ መታጠቢያ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እኔም ሰማሁት። ሁለት አጭር፣ አንድ የሚጎተት፤ የእሱው ነው። በሩን ከፈትኩ። የረጠበ ሣር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ነገር ቀልጄ አላውቅም።

በጥቅምት አንቺ ለእናትሽ ደውለሽ የጓሯችን ወንዝ ዓሦች ተመርዘው ሳይሆን አይቀርም ስትዪያት ሳሉ ቆመ። እናትሽ እስኪነጋ ተኛች። የገደለውን እንድናውቅለት ነበር የሚመጣው አለች። የጓሮውን በር ቆለፈች፤ በወንዙ ውሃ የበቀለውን ጎመን ነቅላ ጣለች። ከወንዙ ላይኛው በኩል ቆዳ የሚነክረው ጎረቤታችን ሰላም ሲላት ፊቷን ማዞር ጀመረች። ቤቱን ትታ አዲ አርቃይ እህቷ ዘንድ ለመሄድም ልብሷን ቋጠረች።

የሻው ከነገረኝ በኋላ እንግዲህ ይህን ዕረፍቷን መልሼ መንጠቅ የእኔ ዕጣ ሆነ። ወንዙ ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልታወቀም፤ ንጹሕ መሆኑም እንዲሁ አልኳት። ታዲያ ምን ገደለው አለችኝ። በማግስቱ ሳሉ ተመለሰ። ቁርስ ላይ ተያየን።

ዛሬ የላክንልሽ እንደ በፊቱ አይደለም። ከሁለቱም ውሃ በአንድ ጠዋት የወጡ፣ ሁሉም ወንድ፣ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። በከረጢት ታስሮ ያደረ የለባቸውም። የውሃውንም ሙቀት እንኳየሁ ለክታ ጽፋልሻለች። የጓሮውን በር የከፈተችልን እናትሽ ናት። ወንዙ ዳር ቆማ እያየችን ነበር። ስንጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ለሪሃና ንገራት፣ ለእኔ ብላ ጥፋተኛ እንዳትፈልግልኝ፤ ያልታወቀ ከሆነም አልታወቀም ትበለኝ አለች። ከዚያ ቆዳ ነካሪው ሲያልፍ ቀድማ ሰላም አለችው። ቋጠሮዋንም ፈትታለች። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ልዘጋው ስል ተው አለችኝ።

ኢምራንን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ፂሙ አሁንም አልሞላ ከሆነ የእኔን አበድረዋለሁ። ያስሚንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እናትሽ ዱዓዋ አይለይሽም። የሻውም ለዚያች ዓሣ መርማሪ ሰላም በልልኝ ብሏል። ከጓሮው በር በኩል ያለውም ሰላም ይልሻል ብዬ ብጽፍ ትስቂ ይሆናል። አትሳቂ፤ ቶሎ መርምሪለት።

አጎትሽ ሷሊሕ
ጎንደር፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.