ትራስ ለማስተካከል የሚበቃ ትምህርት

ለክቡር የዩኒቨርሲቲያችን የትምህርት ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደተጠበቁ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንደነገሩ አለሁ።

ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል እየሠራሁ የምማር ነርስ ነኝ። በክፍላችን ሕመምተኛ «እሞታለሁ ወይ?» ሲለን ትራሱን እናስተካክላለን። አራግፈን፣ ገልብጠን እስክናስቀምጠው ድረስ ጥያቄው ያልፋል። ከዚህ የተሻለ ነገር ፈልጌ ነው ከነርስነቱ ጎን ለጎን ፍልስፍናን በሁለተኛ የትምህርት መስክነት እንዲፈቅዱልኝ ያመለከትኩት። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ለሙያዋ ድጋፍ አይሰጥም» ብለው በአንድ መስመር ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ነርስና ሞት ምን አገናኛቸው?

፪. በምትኩ ግብይትን እንዳጠና ስለመከሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ክፍል ደንበኛ ተመልሶ ስለማይመጣ ገበያው ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ምክሩስ መልካም ነበር።

፫. ይህኛውን ከምስጋናው ጋር መደባለቄን ይቅር ይበሉኝ። እናቴ በዚያው ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ በመጨረሻም እዚያው የተኛች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የለፋሁት ለምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ቀድሞኝ ወደ ትራሱ ሄደ። እሷም ፈገግ ብላ «ተዪው እሱን፣ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? ይልቅ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ የምለው ግን ጠፋኝ። ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና አሳዘንኳት መሰለኝ፣ «ግድ የለም» ብላ ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ክቡርነትዎ፣ ፍልስፍና እናቴን ከሞት እንደማያስጥላት አላጣሁትም። ነገር ግን ተምሬው ቢሆን ኖሮ ጥያቄዋን ብቻዋን ይዛው አትሄድም ነበር። እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ዝምታዬም እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለሙያ የሚበጀውን ከማይበጀው የሚለዩበት ጥበብዎ ሳይጎድል፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ያኑርልን እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በእርስዎ መልካም ፈቃድ ባለ አንድ መስክ የቀረሁት፣
የነርሷ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ቀን እርስዎም እኛ ዘንድ ይተኙ ይሆናል፤ ሁሉም በተራው ነው። ያን ጊዜ ከምክትል ፕሬዚዳንትነትዎ ወዲያ ምን እንደሚቀርዎ ቢጠይቁኝ፣ መልሱን እንዳልማር የከለከሉኝ እርስዎ ነዎትና አይቀየሙኝ። አጠገብዎ ግን እቀመጣለሁ፤ ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ፈቃድዎንም አልጠየቀችም።