ሎሚው በማን እጅ

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ። ቅዳሜ ሲሆን ሰው ሁሉ ፀጉር እንዳለው ትዝ ይለዋል። የመጨረሻዋ ደንበኛ እንደ ሁልጊዜው ቃጭል። ወንበሩ ላይ ጣውላ ደርቤ አስቀመጥኳትና ሹሩባዋን ሠራሁላት። ዕድሜዋ ስድስት ነው፣ አፏ ግን የስልሳ። ቃጭል ያሏት ደንበኞቼ ናቸው፣ ዝም ስለማትል።

"አጎቴ፣ ነገ ወንዙ ጋ አበባ ወጥቶ ይሆን?" አዎ። "እንቁራሪትስ?" እንቁራሪትም።

ጸደይ ሲገባ እሁድ እሁድ ወንዝ ዳር መሄድ የኛ ነገር ነው። እኔ፣ እሷና እማዬ። ዘንድሮ አራተኛ ሰው አለ። "እህትህም ትመጣለች፣ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይታለች" አለችኝ እማዬ። ለምን? "ልጇ እንድትለምዳት ነዋ!"

ልጇ... ልክ ነው፣ ልጇ ናት። ዳዴ ስትል እኔ ጋ ትታት ውጭ አገር ለሥራ ሄደች። አሁን ተመለሰች። ቃጭል "የስልኳ እማዬ" ነው የምትላት። በስልክ እንጂ በሌላ መች ታውቃታለች?

መጋቢት 28

ዛሬ ያደረግኩትን እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ቃጭልን መኪና አይስማማትም። ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ አውቶቡስ ላይ ስንት ሸሚዝ አበላሽታብኝ። መስኮት ዳር ትቀመጣለች። ልጣጩ የተቧጠጠ ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ይያዝላታል። ዓይኗን ፊት ለፊት፣ ሩቅ ቦታ ላይ ትተክላለች። ወደ ኋላ መዞር ክልክል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ፊት ገባች። እህቴ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ ፊቷን ወደ ራሷ አዙራ። "ልያት እስቲ፣ ልጥገባት!" ሎሚው ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝም አልኩ። ቃጭልም ዝም አለች... ቃጭል ዝም ካለች ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። አሁንም ዝም።

ከዚያ የእህቴ አዲስ ቀሚስ ላይ አስታወከች።

"አጎቴ! አጎቴ!" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ሎሚውን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። እህቴ ቀሚሷን እየጠረገች፣ "ምን አድርጌያት ነው?" ትላለች።

እማዬ ግን ዓይኗ መርፌ ነው። ቤት ስንገባ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ከመጀመሪያው ኪስህ ውስጥ ነበር አይደል?"



መጋቢት 29

ደስ ብሎኛል። እውነቱ ይሄ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚያዝያ 5

ቃጭል መኪናው ውስጥ አልገባም አለች። ላባብላት እችል ነበር... አላባበልኳትም። በእግራችን ሰፈር ያለው መናፈሻ ሄድን።

እህቴ ኳስ ገዝታ መጥታለች። እሷ ትወረውራለች፣ ልጅቷ እኔ ጀርባ ትወሸቃለች። መጨረሻ ላይ ኳሱ ኩሬው ውስጥ ገባና ዳክዬዎቹ ወረሱት። አንዱ ሹሩባ ተፈትቶ ነበር፣ እህቴ ልታስተካክለው ነካ ስታደርገው ቃጭል ጮኸች። "ተይው! እሱ ነው የሚሠራልኝ!"

እህቴ ዛፍ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና፣ "ወንድም ጋሼ፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይዣት ልሄድ ነው" አለችኝ። "ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቤትም ተከራይቻለሁ። የአንድ ቀን መንገድ እኮ ነው።"

የአንድ ቀን መንገድ። በመኪና።

"አትሄድልሽም፣ ታያለሽ" አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ሰማይ ነው የተደፋብኝ። ቃጭል ከሌለች ከሱቅ ወጥቼ የት ነው የምገባው?

ሚያዝያ 8

ጠበቃው ደንበኛዬ ሊላጭ መጣ። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩት። "እናት በሕይወት እያለች አጎት ምን አገባው?" አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበር። እግዜር አተረፈው።

ይዣት ብጠፋስ? ወዴት? በምን? በመኪና? ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ።

ሚያዝያ 12

ዝናቡ አካፍቶ ቆመ፣ ሜዳው ሁሉ አበባ በአበባ። እንደዚህ ያለ ቀን ለእንደዚህ ያለ ነገር!

እማዬ ተቆጥታ መኪናው ውስጥ አስገባችን። ሎሚውን ቀድሜ አወጣሁ፣ እማዬን ፈርቼ። መስኮት ዳርም አስቀመጥኳት። ቃጭል ግን እጄን ገፋችው። "አልፈልግም፣ ልተኛ" ብላ ጃኬቷን ፊቷ ላይ ጣለች። ትንሽ ቆይታ አስታወከች።

ወንዙ ዳር ፊቷን ሳጥባት ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

"አጎቴ፣ ዛሬ ሳያመኝ ሊቀር ነበር። ጣቴን ከተትኩ።"

የት? አፏን ከፍታ አሳየችኝ። ጉሮሮዋ ደም መስሏል።

"ሁልጊዜ ካመመኝ እሷ አትወስደኝም አይደል? አንተም እኮ ለዚያ ነው ያን ቀን ሎሚውን የደበቅከው።"

አይታኛለች። ለካ አይታኛለች...

ከኔ ላለመለየት ብላ ራሷን አሳመመች። አስተማሪዋ እኔ። እንኳን አባት አጎትም አይደለሁም! "ሁለተኛ እንዳታደርጊው፣ ማይልኝ" አልኳት። ማለች። ከእናቷ ጋር እንደምትሄድም ነገርኳት። "ግን ትመጣለህ?" በየጸደዩ እመጣለሁ። "እዚያም ወንዝ አለ?" ባይኖር እናስቆፍራለን።

እህቴን ዛፉ ሥር ጠርቼ የሎሚውን ነገር ነገርኳት። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔም አንተን ብሆን አደርገው ነበር" አለችኝና እጄን ይዛ አለቀሰች። እማዬ ወንዙን የምታይ መሰለች።

ሚያዝያ 19

እህቴን ሱቅ ጠርቼ አሠለጠንኳት። ሎሚው በጥፍር ይቧጠጣል እንጂ አይቆረጥም። ሹሩባው ሥሩ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ታች ላላ። ቃጭል ጣውላዋ ላይ ሆና አለቅነቱን ይዛዋለች። "እማዬ፣ እንደሱ አይደለም! እይ፣ በዚህ በኩል!"

እማዬ አለቻት። "የስልኳ" የሚለው ቀርቷል። ሄጄ ማበጠሪያዎቹን አጠብኩ። ጠዋት ታጥበው ነበር።

ሚያዝያ 26

ወንዝ ዳር ደርሰን መጣን። ሎሚውን እህቴ ያዘች። ቃጭል ምንም አልሆነችም፣ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ነበር።

ምናለ ትንሽ እንኳ ባመማት አልኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ግንቦት 3

ሄዱ።

ሻንጣውን እኔ ነኝ የጫንኩት። ሹሩባዋን እናቷ ሠርታላታለች፣ አንዱ መስመር ጠሟል። እጄ ሊያቃናው ሄዶ መለስኩት። እህቴ ሎሚውን ቧጠጠች፣ እንዳሳየኋት።

ቃጭል በመስኮት አንገቷን አወጣች። "አጎቴ፣ ፊት ለፊት፣ ሩቅ፣ አይደል?"

"ፊት ለፊት፣ ሩቅ።"

"ወደ ኋላ ክልክል?"

"ክልክል።"

መኪናው ተነሳ። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ነጠላ ጫማዋን ታያለች። እኔ አስፋልቱ መሀል ቆሜ በኋላ መስታወቱ ያቺን ትንሽ ጭንቅላት አያለሁ። ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ብቻ... ብታስታውክም ታስታውክ! እስከ ባንኩ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ እስከ መታጠፊያው ጠበቅኩ።

አልዞረችም።

ጎበዝ ልጅ። ያልኳትን ሰማች።