በቀትር የሚከፈተው በር

ሰኔ 4
ይሄ የዓረብ አገር ሰፈራችን ዋዲ ዓዳይ ዛሬ ምድጃ ሆኗል። ሰው ከሙቀቱ እንዲያርፍበት የተከፈተውን አዳራሽ ማጽዳት ጀመርኩ። ኤሲው... ኧረ ደስ ሲል! ውሃውም በነጻ ነው። ግን መታወቂያ የሌለው አይገባም። ዘበኛው ባንቲሁን ቁልፉን ካልተጫነ በሩ አይከፈትም። ጓደኛዬን ሱፊያን ማምጣት አልችልም ማለት ነው። ከምትሠራበት ከማዳሟ ቤት ጠፍታ እኔ ክፍል ስትደበቅ መታወቂያዋ እዚያው ቀረ። የክፍላችን ኤሲ ደግሞ ከተቃጠለ ሰነበተ።

ሰኔ 5
ቀትር ላይ በሩ ብቻውን ተከፈተ። ማንም የለም። ቆይቶ ተዘጋ። "ሙቀቱ ነው፣ አበላሽቶታል" አለ ባንቲሁን። እሺ... ሙቀቱ ነው።

ሰኔ 7
ዛሬም። ያው ቀትር ላይ። ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ደግሞ ማንም አይቀመጥም። ሰው ሞልቶ ቆሞ እንኳ! ለቀልድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቧ አስቀመጥኩ። ስመለስ ባዶ ነው። ማን ጠጣው? ምን አገባኝ!

ሰኔ 8
ባንቲሁንን አፋጠጥኩት። "አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ" አለ። ቆይቶ ግን ነገረኝ። አምና ሌላ ዘበኛ ነበር። አንዲት ያገራችን ልጅ በቀትር መጣች፣ መታወቂያ የላትም። "ማፊ? የለሽም? ያላ፣ ሂጂ!" አላት። ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። በዚያው አልተነሣችም።
"በሩ ሲከፈት እኔ አላይም" አለኝ። እውነቱን ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያማትባል። ያ ግዙፍ ሰውዬ! መሳቅ አማረኝ፣ አልሳቅኩም።

ሰኔ 10
ሱፊያ ታመመች። ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። ቆዳዋ ይፋጃል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት "ይይዙኛል" ብላ አለቀሰች። ብትሞትብኝስ? ወይኔ! ነገ በቀትር ይዣት እሄዳለሁ። በሩ ሲከፈት ባንቲሁን አያይም...

ሰኔ 11
ገባች! በሩ ተከፈተ፣ ባንቲሁን ዞረ፣ ደግፌ አስገባኋት። ክፍት የነበረችው ያቺው የጥጓ ወንበር ብቻ ናት። እዚያ አስቀመጥኳት። ውሃ አጠጣኋት፣ ጨርቅ አርሼ አንገቷ ላይ አደረግኩ። ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።
"ያቺ ሴት ማናት?"
"የቷ?"
"ተነሥታ ወንበሯን የለቀቀችልኝ።"
ብርጭቆዋን እንደገና ሞላሁላት።

ሰኔ 12
ሱፊያ ዛሬ በእግሯ መጣች። ውጭ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች።
ቀትር ሆነ። በሩ አልተከፈተም። ጠበቅኩ... አሁንም የለም። ጥጓ ላይ ያስቀመጥኩት ውሃም እንደ ሞላ ነው። ያቺ ሴት ሄደች ማለት ነው? ቦታዋን ሰጥታ? የሱፊያ ነገርስ? ፈራሁ። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ፈራሁ።
ባንቲሁን በመስታወቱ ሱፊያን አያት። እኔን አየኝ። ያለ መታወቂያ ያስገባ ከሥራ እንደሚባረር ያውቃል።
ቁልፉን ተጫነ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ሱፊያ ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች ገቡ፣ የት እንደነበሩ እንጃ።
"ባንቲሁን፣ በሩ ይዘጋ?" አልኩት።
"የቱ በር? እኔ ምንም አላየሁም" አለኝ።