ሂናዬንም ሙዚቃውንም

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9፣ ከሰዓት

ሦስተኛውንም ጫንኩት። ሚሞሪው ሞላ። አንዱ መጥፋት አለበት። የቱ? ስማኝ ደብተሬ፣ እዚህ ቤት ሳይስቅ የሚሰማኝ አንተ ብቻ ነህ።

ጂዳ ያለችው አክስቴ በላከችልኝ የእጅ ኮምፒውተር ውስጥ አሁን ሦስት የሙዚቃ ማጫወቻ ተቀምጧል። አንደኛው አብሮት የመጣው። ሰነፍ። ዘፈን እስኪቀይር ሙሽራዋ ትወልዳለች። ሁለተኛውን ወንድሜ ረምዚ ነው ከኢንተርኔት ቤት ያመጣው። ውብ! በዘፈኑ ልክ አረንጓዴ መብራት ይዘላል። ሦስተኛው ግራጫ፣ ካልኩሌተር የሚመስል ነገር። (ረምዚን ከዚህ በኋላ ረ. ነው የምለው። ሙሉ ስም በዝቶበታል።)

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት የጓደኛዬ የፈቲሃ ሰርግ ነው። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ወንድ አይገባም። ስለዚህ ዲጄው ረ. ግቢ ቁጭ ብሎ የድምፁን ገመድ በመስኮት ይሰድልናል፣ ከዚያ እሱ የወደደውን እንሰማለን። ቀይር ብለን ብንጮህ ጆሮው አይሠራም። ጫቱ ላይ ነዋ። አሁን ግን እኔ ራሴ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ በለበሰው መደብ፣ ነደባው ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን ከሞንታርቦው አገናኝቼ ላጫውት ነው።

የሚወስኑት አባይ ሙና ናቸው። ትልቅ ሴት ስለሆኑ ነው አባይ የምንላቸው። የሰፈራችን የሴቶች እድር፣ የአፎቻችን አለቃ፤ ሰርግ ያለ እሳቸው አይደገስም። ሐሙስ በጎረቤታችን በሰሚራ ሂና ላይ ሞክሪ አሉኝ። ካማረ የፈቲሃም የኔ ነው። ካላማረ የረ. ገመድ ይመለሳል።

ማክሰኞ

መረጥኩ። ውቡን። ሰነፉን አጠፋሁ። ግራጫውንም ላጠፋው ነበር፣ ሰነፍኩ።

አልፎ አልፎ አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች። በእንግሊዝኛ። ግዢኝ ነው መሰለኝ የምትለው። ዘጠነኛን ደግሜ ት/ቤት የተውኩት እኔ አንብቤ ልጨርሳት? ጥጓ ላይ ሰሊጥ የምታክል ምልክት አለች። ስክሪኑን በምትነካው ትንሽ ብዕር ጫፍ ነካ አደርጋታለሁ። ትጠፋለች። ዘፈኑ ይቀጥላል።

ኮምፒውተሩ ድምፅም ይቀርጻል። ረ. ከሰዓት ሲያንኮራፋ ቀረጽኩት። «አዲስ ዘፈን» ብዬ አስቀመጥኩት፣ እራት ላይ አሰማሁት። ጫማ ወረወረ። ሳተኝ። አባዬ እንኳ ሳቀ።

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። እጅ አልነበረኝም።

ልንገርህ፣ ግን አትሳቅ። ሰሚራ ቤት ሁሉ ነገር አማረ። ሴቶቹ ይጨፍራሉ፣ አረንጓዴው መብራት ይዘላል፣ እኔ ንግሥት። ከዚያ ሂና ቀቢዋ መጣች። አሰለፈችን። እኔስ? ሂና ቀርቶብኝ ያውቃል? ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እስከ ክርን ድረስ ቀባችኝ፣ እንዲጠቁርልኝ በፌስታል ጠቅልላ አሰረችው። ነደባው ላይ ያለነው በሙሉ ፌስታል ሆንን። አባይ ሙናም ጭምር።

ያቺ ሳጥን ብቅ አለች። ዘፈኑ ቆመ።

ብዕሯን የሚይዝ አንድ ንጹሕ ጣት ቤቱ ውስጥ ጠፋ። በፌስታሉ ብነካ ዝም። ከታች ያሉትን ቁልፎች ብጫን የቀን መቁጠሪያ ተከፈተ። በአፍንጫዬ ሞከርኩ። ሳጥኗስ ሄደች፣ ግን አፍንጫዬ ሰሊጥ አይደለምና ሌላም ነገር ነካ። የረ. ማንኮራፋት በሞንታርቦ ለቀቀ። ሰፈር በሙሉ ሰማ። ሙሽራዋ በሳቅ ፌስታሏን ፈታች። አባይ ሙና ግን አልሳቁም። ገመዱን በመስኮት አስገቡ አሉ።

ወላሂ እሳቸውን ሳይ ነው የከፋኝ።

ዛሬ እጄ ጥቁር ቡኒ፣ በጣም ያምራል። አለመደሰቴ ነው እንጂ።

እሑድ

ገባኝ። ማጫወቻ ስመርጥ በንጹሕ እጅ መረጥኩ። ሰርግ ቤት ንጹሕ እጅ የለም!

ሁለት ፌስታል እጄ ላይ አስሬ ግራጫውን ከፈትኩት (በጥርሴ)። ይሄ አስቀያሚ ምን እንደሚችል ታውቃለህ? ስክሪኑን ይቆልፋል። አፍንጫ ቢነካው፣ ጉንጭ ቢነካው ግድ የለውም። ከታች ያሉት ወፍራም ቁልፎች ብቻ ይሠራሉ፣ የቱ ምን እንደሚሠራም እኔን ይጠይቃል። አንዱን ቀጥል አልኩት፣ አንዱን ተመለስ፣ አንዱን ዝም በል። ሳጥን የለ፣ ግዢኝ የለ። በክርኔ ስጫነው ቀየረ። በተረከዜም ቀየረ። መብራት አይዘልም። አይዝለላ! የሚዘሉት ሴቶቹ ናቸው።

ውቡን አጠፋሁት። ትንሽ አሳዘነኝ።

ረ. ፌስታሌን አይቶ ጎመን ልትገዢ ነው ወይ አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየ። ይሄ ለእድር ሒሳብ ነው የሚሆነው አለ። ቀልዱ ሲያልቅበት ኮስተር አለ፦

«ዲጄ መሆን ካማረሽ ሂናውን ተዪ። አንዱን ምረጪ።»

እዚህ ላይ ነደደኝ። እሱ ለዲጄነት ምን ትቶ ያውቃል? ጫቱን? ምሳውን?

«ሂናዬንም እቀባለሁ፣ ሙዚቃውንም እይዛለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

አባይ ሙና ጋ ሄድኩ። ገና ከበር ሲያዩኝ ገመዱ እንደተመለሰ ነገሩኝ። ሰምቻለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ፌስታል አወጣሁ፣ እጅዎን ይስጡኝ አልኳቸው። አብደሻል አሉ። ግን ሰጡ። አሰርኩላቸው፣ ኮምፒውተሩን ጭናቸው ላይ አደረግኩ። የማይወዱትን ዘፈን ሆን ብዬ ከፈትኩ። ፊታቸው ተኮማተረ። በክርንዎ ይጫኑት አልኳቸው።

ተጫኑ። ተቀየረ። ደግመው ተጫኑ። ከዚያ አልመልስ አሉኝ! የሚወዱት እስኪመጣ በክርናቸው ሄዱ፣ መጣ፣ አለፈባቸው፣ ተመለሱ። በልጅነታቸው የሰሙት ነው አሉ፣ ራሳቸውን እያወዛወዙ።

«ሐሙስ ዕለት ከጎኔ ትቀመጫለሽ» አሉ። «ያቺ ሳጥን ከመጣች ግን ሁለተኛ እንዳላይሽ።»

ሐሙስ፣ ፈቲሃ ቤት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በችኮላ። ነደባው ጥግ ነኝ። ግራጫው ጭኔ ላይ። እስካሁን አልሐምዱሊላህ።

ረ. ሳይጠራ ገመዱን በመስኮት አስገብቶታል። ምናልባት ካስፈለገሽ ብዬ ነው ይላል ከውጭ፣ ድምፁ ማር ማር እያለ። ሴቶቹ ገመዱንም እኔንም ያያሉ። አባይ ሙና አንቺ ታውቂያለሽ ብለው ፊታቸውን ወደ ሙሽራዋ አዞሩ።

ገመዱን ጠቅልዬ ወደ ውጭ ወረወርኩት። መስኮቱን ዘጋሁ። ውጭ አንድ ሰው «ዋይ!» አለ፣ አናቱን ሳያገኘው አልቀረም።

ሂና ቀቢዋ ደረሰችኝ። አንድ እጅሽ ይቅር ወይ አለች፣ ያለፈውን ሰምታለች። ሁለቱንም አልኳት። ግራው አልቆ ተጠቅልሏል። አሁን ከፌስታሉ በላይ ባለው ክርኔ ቀየርኩ፣ ተቀየረ! እልልታው ጣራ ሊያነሳ ነው። ፈቲሃ ፈጣን ፈጣን እያለች ነው። ቀቢዋ ቀኝሽን አምጪ ትላለች፣ ቆይ ይህቺን መስመር ልጨርስ እላታለሁ፣ አትሰማም፣ የምጽፍበትን እስክሪብቶ ይዛ እየጎተተች ነው፣ በቃ ቀኜንም ሰጠ