ሚጢ በአንተ ቦታ የቆመች ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ስታጎነብስ ይይዝሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችንስ ጥርስ አወጣች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደምታውቀው ነው፤ ምንም አልሆነም።

ብዕር ያነሳሁት የሚጢ ነገር በስልክ ብነግርህ ስለማይወጣልኝ ነው። አንተና የባንድ ጓደኞችህ በልምምድ ስትጣሉበት የኖራችሁትን ያንን ከባድ የድሮ የሮክ ዘፈን ባለፈው እሁድ ከሰዓት ባንዱ በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ተጫወተው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጊታሩን የያዘችው ታናሽህ ሚጢ ናት። ድራም መቺው መካኒክ «ወንድምሽ እንኳ አልቻለውም፤ ይቅርብን» ቢላት፣ «እሱ አልቻለውም ማለት እኔም አልችለውም ማለት ነው እንዴ?» ብላ አፉን አስያዘችው። ክረምቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብላ አንዷን ቦታ ስትደጋግም፣ እኔም ሳላውቀው በዚያው ምት መስፋት ጀምሬ ነበር። ደንበኛ መጥቶ «ምነው እጅጌው ተጣመመ?» ሲለኝ ምን ልበል?

አባባ እንደ ድሮው ዕቃውን በሚኒባሱ አድርሶ ውጭ ሊያሸልብ ነበር። አንተ በተጫወትክባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ እንዳልገባ ታውቃለህ። ሚጢ ግን የመኪናውን በር ከፍታ «አባባ፣ ካልገባህ እኔም አልገባም» አለችው። እያጉረመረመ ገባና ከኋላ ከጎኔ ተቀመጠ።

ጀመሩት። ዘፋኙ ፀጉር አስተካካይ ድምፁን ለመጨረሻው ጩኸት እየቆጠበ ቀስ ብሎ ያዜማል። መሃል ላይ ምቱ ተቀየረና ሁሉም በአንዴ ዝም የሚሉበት ቦታ ደረሱ። ይሄኔ ሰዉ ያለቀ መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። እናንተ ሁልጊዜ የምትበታተኑት እዚህ ላይ አልነበር? መካኒኩ የድራም መምቻውን እንዳነሳ ቀረ፤ ሁሉም ሚጢን ያያሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ በጫማዋ ጫፍ ምቱን እየያዘች፣ ጭብጨባው ሳያጣድፋት ጠበቀች። ከዚያ ብቻዋን ገባች። ሌሎቹም ተከትለዋት አንድ ላይ ሲገቡ አዳራሹ ሙሉ ከወንበሩ ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ መጨረሻ ላይ ድምፁ ትንሽ ሰንጠቅ ብሎበታል፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።

አባባ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ «ጊታር የሚጫወተው ልጅህ አገር ለቆ አልሄደም እንዴ?» አሉት። «ሄዷል። ይቺም ልጄ ናት» አላቸው። እንዲያ ቀና ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

ስንመለስ መሪውን እንደያዘ፣ ወደ እኛም ሳይዞር «ያኔ ለወንድሟም ብገባለት ምን ነበረበት» አለ። ንገሩት አላለም፤ እኔ ግን ነገርኩህ።

ባለቤትህን እንደ እህቴ ሳምልኝ። የልጃችንን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ። እማዬ «ከስቶ እንዳይመጣ» ብላለች። ሚጢ ደግሞ «ሲመጣ ቤዝ ጊታር ቢሞክር ደስ ይለኛል፤ ይሄኛው ጊታር የእኔ ሆኗል በይው» ብላኛለች። አባባን ምን ሰላምታ ልጻፍልህ ብዬ ስጠይቀው «ደህና ይሁን» ብሎ ወጣና ከበር ተመልሶ «መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

የምትወድህ እህትህ
ከቤታችን፣ ኅዳር 9 ቀን