የጋሽ እቁባይ ጉጉት

ማክሰኞ፣ ማርች 7፣ 2006

አሥሩ ካርዶች ወጡ። ጉጉቱ ተቀደደ።

ከመቶ ዓመት በፊት ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ገብቶ የተሸጠ ካርድ፣ ስንቱን አልፎ መጥቶ በኔ እጅ! አሥራ አንዱን የወፍ ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች አንድ ሰው ድሮ አልበም ላይ በሙጫ ለጥፏቸዋል። ጋሽ እቁባይ ገጹን የሰጡኝ የሳቸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። «አንቺ ትዕግሥት አለሽ» ብለው። ውሃ ውስጥ ነክሮ ሙጫው ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ብቻ ነበር። አልጠበቅኩም። የአረጋውያን መንከባከቢያው ሺፍቴ ደረሰና የመጨረሻውን፣ ጉጉቱን፣ ሳብ አደረግኩት። ጀርባው ገጹ ላይ ቀረ፣ አንድ ክንፉም አብሮ።

በዚህ ከተማ እንደኔ የድሮ ካርድ የሚሰበስብ ሌላ ሐበሻ አላውቅም። እሳቸው ብቻ ናቸው።

ረቡዕ

በብሬክ ሰዓቴ ደወሉ።

«ወጡ?»

«ገና አልደረቁም፣ ጋሼ።»

ውሸት። ጠዋት ደርቀዋል።

«ጉጉቱስ?»

«እሱም።»

ስልኩን ዘግቼ የአንዷን አዛውንት መድኃኒት ለሌላዋ ላቀብል ነበር። ነርሷ አየችኝ፣ ተመስገን።

ሐሙስ

እኔም ጉጉት አለኝ። ያው ካርድ ነው፣ እንዲያውም ከሳቸው የጸዳ። ሦስት ዓመት ፈልጌ ነው ያገኘሁት። እሱን ብሰጣቸውስ? የተለጠፈ ካርድ፣ ጀርባውን አይተውት አያውቁ፣ በምን ይለዩታል?

ለልጄ ለሊያ ነገርኳት። ከኮምፒዩተሩ ዓይኗን ሳታነሳ «ማሚ፣ ጀስት ቴል ሂም» አለችኝ፣ በቃ ንገሪያቸው ማለቷ ነው። ለሷ ቀላል ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

የኔን ከአሥሩ ጋር አደረግኩት። የተቀደደውን በፖስታ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መጣል አልቻልኩም።

ዓርብ

ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ

ሞንትቤሎ፣ የጋሽ እቁባይ ሰፈር። ቤታቸው ፊት ፓርክ አድርጌ አሥር ደቂቃ መኪና ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ እቁባይ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው አንድ በአንድ አዩ። ዋኔ። ጭልፊት። «እሰይ! እሰይ!» ይላሉ። ጉጉቱ ላይ ሲደርሱ መነጽሩን ይበልጥ አስጠጉ።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

ጉጉቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«የኔ ዓይኑ ሥር ነጥብ አለችው። ከገዛሁት ጀምሮ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። የታለ?»

ፖስታውን አወጣሁ። ቸኩዬ እንደቀደድኩት፣ ረቡዕ እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም ዘከዘክኩ። የተቀደደውን ተቀብለው ከአሥሩ ጋር አስቀመጡት። የኔን መለሱልኝ።

«ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል» አሉ። «ግን የኔ ባልሆነ ነገር ስደሰት ቁጭ ብለሽ ልታዪኝ ነበር?»

የኔን ጉጉት ባዶው ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

ሁልጊዜ እስከ መኪናዬ ይሸኙኛል። ዛሬ ከወንበራቸውም አልተነሱ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልክ። ጋሽ እቁባይ። ሰላምታም የለ።

«ሁለተኛ ገጽ አለኝ። ዘጠኝ ካርድ። ማክሰኞ ከሥራ ኦፍ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔ ኦሮራ ቤትሽ እመጣለሁ። አንቺ ትነክሪያለሽ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። እኔ ሳልል አንዱንም አትነኪም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ስልኩን የዘጉት መሰለኝ።

«ምሳ ሽሮ ይሁን። ቃሪያ እንዳትረሺ።»

ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምሳ ግን አዘዋል።